ሽምብራው ውስጥ የተደበቀው አሳማ

ማድሪድ ውስጥ የተራብኩት ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ እዚያ የምትኖረው ልጄ «አባዬ፣ አስርባ መለሰችው አሰኘኸኝ» ብላ እንዳትቀየመኝ። ምግብማ ሞልቷል። በየአሥር እርምጃው መሸታ ቤት አለ፤ በየመሸታ ቤቱ ረጅም ባንኮኒ አለ፤ በየባንኮኒው መስታወት ሥር የሚበላ ነገር ተደርድሯል። የተራብኩት የሚበላበት ሰዓት ከሆዴ፣ የሚበላበት ወግ ከጉልበቴ፣ የሚበላውም ነገር ከማተቤ ጋር አልስማማ ብሎ ነው።

በሰዓቱ ልጀምር። ሰዓቱን የምቆጥረው በእኛ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አገሩ የእነሱ ስለሆነ በፈረንጅ ትቼላቸዋለሁ። ምሳ 8 ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት የሚበላ ነገር በደህና ቤት መክሰስ ይባላል። እስከ 10 ሰዓት ሲበሉ ይቆዩና ማድ ቤቱ ይዘጋል። እራት ያማረው ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስኪሆን ይጠብቅ፤ የአገሩ ሰውማ 3 እና 4 ሰዓት ካልሆነ ብቅ አይልም። በዚያ ሰዓት እኔ ጸሎቴን አድርሼ፣ ጥርሴን ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጬ ተኝቻለሁ። አንድ ምሽት ግን ራበኝና 1 ሰዓት ላይ ልጅ ልጄን ይዤ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ወለል ይወለውላል። ምን ጠፍቷችሁ መጣችሁ በሚል ዓይን አየንና የግድግዳውን ሰዓት በመወልወያው እንጨት አሳየን።

ለካስ ጥፋቱ የሆዳቸው ብቻ አይደለም። ማድሪድ ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ የለንደን ፀሐይ ናት ማለት ይቻላል። አምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ ግን በ1940 ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍቶ ከበርሊን ጋር አስተካከለው። የዓለም ጦርነቱ አለቀ፤ ሂትለር ሞተ፤ ፍራንኮም በ1975 ሞተ፤ ሰዓቱ ግን ዛሬም እዚያው እንደተገፋ ነው። በበጋ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምሩበታል። በዚህ የተነሳ በጁን ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ጀምበር ሳታዘቀዝቅ እራት አይቀርብም፤ ጀምበሯ ደግሞ የምትጠልቀው በአምባገነን ትእዛዝ ነው። አንድ የሞተ ጄኔራል ከስንት ዓመት በኋላ የእኔን እራት ያዘገያል ብሎ ማን አሰበ?

መንግሥት ከሠራው በጎ ነገር ደግሞ አንዱን ልንገራችሁ። በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በየምግብ ቤቱ በር በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ የሚጻፍ የዕለቱ ምግብ አለ። የመጀመሪያ ሳህን፣ ሁለተኛ ሳህን፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ማጣጣሚያ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። በ1960ዎቹ ለጎብኚ ተብሎ በመንግሥት ትእዛዝ የተጀመረ ነው፤ ጎብኚው ረሳው፣ ሠራተኛው ያዘው። ወይን ጠጅ ጠጣህ ውኃ ጠጣህ ሒሳቡ አንድ ነው። ከበላህ በኋላም ሒሳብ ካልጠየቅህ ማንም አያስነሳህም፤ እስኪመሽ ብታወራ የአንተ ጉዳይ ነው። ገንዘቡን ቆጥሮ የሚኖር ሰው ማድሪድ ውስጥ ሌላ ነገር አይፈልግ።

ሁለተኛው መከራ መቆም ነው። ላ ላቲና በሚባለው ሰፈር ካቫ ባሃ የምትባል ጠባብ መንገድ አለች፤ ከዳር እስከ ዳር መሸታ ቤት ናት። እሁድ እሁድ ከራስትሮ ገበያ የወጣው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ይፈስሳል። ልማዱ አንድ ቤት ገብተህ አንድ ነገር ቀምሰህ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጥተህ፣ ከፍለህ ወደሚቀጥለው ቤት መሄድ ነው። እራት ነው የሚሉት ይህንን ነው! እግር ጉዞ እንጂ እራት አይደለም። በየቤቱ ሰው ከሰው ተጣብቆ፣ ክርን ከጎድን ተጋጭቶ፣ ሳህኑን በራስህ ላይ አሻግረው እያቀበሉ ይበላሉ። ወለሉ ላይ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት፣ ስቴኪኒ፣ የወይራ ፍሬ ዘር ተበትኗል። «ወረቀት የበዛበት ቤት ጥሩ ቤት ነው፣ አባባ» ይለኛል ልጅ ልጄ። እናቱ ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት ቢጥል ምን እንደምታደርገው አውቃለሁ።

ልጄ ደግሞ «ቶሞካም እኮ ቆመህ ነው የምትጠጣው» ብላ ትሟገተኛለች። ቶሞካ ሌላ ነው። ቶሞካ ማኪያቶህን ጠጥተህ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ፤ ምሳህን ቆመህ ብላ ያለህ የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እኔ አሳማ አልበላም። ማድሪዶች ደግሞ ከአሳማ በቀር ሌላ ነገር እንዳለ ካልተቆጧቸው አያስታውሱም። መሸታ ቤቱ ስትገባ ቀና በል፤ የአሳማ እግር ከነሰኮናው ጣሪያው ላይ በተርታ ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ጫፍ ሥር ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ተገልብጣ ተሰክታለች፤ የሚንጠባጠበውን ስብ እንድትቀበል ነው። ቆባቸው የሞላ እንዳሉ ስላየሁ በስቅላቱ ሥር በፍጹም አልቆምም። ባንኮኒው ላይ ደግሞ አንዱ እግር በእንጨት መቆንጠጫ ተይዞ ተጋድሟል። ቆራጩ በረጅምና ቀጭን ቢላዋ ይገፈዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ አንዱን ቁራጭ ወደ መብራቱ ቢያነሱት ማዶው ይታያል። ሥጋ ማለት ቁርጥ ነው ተብዬ ላደግሁት ለእኔ ይህ ስስት ነው። ደግሞ ዋጋው! በምዕራብ ስፔን ጫካ የኦክ ዛፍ ፍሬ እየለቀመ ያደገ፣ ከዚያም ለዓመታት ተሰቅሎ የደረቀ ጥቁር አሳማ ከሆነ ለአንዲት ሳህን የሚከፈለውን ስሰማ አማትቤያለሁ።

እሺ፣ አሳማቸውን ይብሉ፤ ሃይማኖታቸውም ሆዳቸውም ፈቅዶላቸዋል። የእኔ ቅሬታ አሳማው ከራሱ ሳህን ወጥቶ የሰው ሳህን ውስጥ መግባቱ ነው። አተር አዘዝኩ፤ ከአተሩ ጋር ሃሞን የሚሉት ያ የደረቀ የአሳማ እግር ተከትክቶ መጣ። ምስር አዘዝኩ፤ ቾሪሶ የሚሉት ቀይ ቋሊማ ዘይቱን ለቅቆ ሲዋኝበት አገኘሁት። ከፕላዛ ማዮር አደባባይ ግንብ ሥር እንጉዳይ በምጣድ የሚጠብሱበት ቤት አለ ተባልኩና ደስ አለኝ፤ እንጉዳይ ምን ይገባበታል ብዬ። በእያንዳንዱ እንጉዳይ ጉድጓድ ውስጥ አንዳንድ ፍንካች ቾሪሶ ተቀምጧል። በመጨረሻ አርቲቾክ የሚሉትን ቅጠል ነገር ስናዝዝ ልጅ ልጄን «ሥጋ የለበትም ወይ በልልኝ» አልኩት። አስተናጋጁ ቅር ብሎት «ኧረ ሥጋ የለበትም፤ ሃሞን ብቻ ነው» ብሎ መለሰ። እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል?

ነገሩ ግን ተራ ሆዳምነት እንዳልሆነ ሽማግሌ ሆኖ ታሪክ የሚያነብ ሰው ይገባዋል። በ1492 የስፔን አይሁድ ወይ ተጠመቁ ወይ አገር ልቀቁ ተባሉ። ሙስሊሞቹም ጥቂት ቆይቶ ይኸው ደረሳቸው። የተጠመቁትን ደግሞ የሃይማኖት መርማሪዎቹ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቋቸው ነበር፤ ከጎረቤት ጥቆማ አንዱ «እነ እገሌ አሳማ አይበሉም» የሚል ነበር። ስለዚህ አሳማ መብላት፣ ሲበሉም መታየት፣ የክርስትና ማስረጃ ሆነ። ማድሪድ የምትኮራበትን ኮሲዶ የተባለውን የሽምብራ ወጥ ተመልከቱ። ብዙዎች ሥሩ አዳፊና የሚባለው የአይሁድ የሰንበት ወጥ ነው ይላሉ፤ ሰንበት እሳት አይነድምና ዓርብ ተጥዶ በረመጥ ላይ ያድር የነበረው ማለት ነው። በኋላ ስቡም፣ ቾሪሶውም፣ የደም ቋሊማውም ገባበት። ያ ሁሉ የገባው ለጣዕም ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ልተው። እኔ አገሬ ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጠመቀ፣ አንገቴ ላይ ማተብ ያለኝ ሰው፣ በዚያ ዘመን ማድሪድ ብገኝ አተሬን ስገፋ አይተው ለመርማሪ ያቀርቡኝ ነበር። ያንን የፈራ ምስኪን ሰው ሽምብራው ውስጥ የጨመረው አሳማ እነሆ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ እኔን ጦሜን ያሳድረኛል።

ኮሲዶው ለሚበላው ሰው መልካም ወጥ ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በሦስት ዙር ይቀርባል። መጀመሪያ መረቁ በቀጭን ፓስታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ድንቹና ካሮቱ፤ በመጨረሻ የበሬው፣ የዶሮውና የዚያ የማልጠራው ሥጋ። ላ ቦላ የተባለው ከ1870 ጀምሮ ያለ ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ የሸክላ ማሰሮ በከሰል ያበስላል። ልጄ የምትሠራበት ቦታ ያሉ ሰዎች በክረምት እሱን በልተው ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደማይሠሩ ነግራኛለች። እኔ በመስታወት አይቼ አለፍኩ።

በዓለም ከሁሉም ያረጀው ምግብ ቤትም እዚያው ነው። ቦቲን ይባላል፤ ኩቺዬሮስ መንገድ ላይ ከ1725 ጀምሮ ያለ፣ ጊነስ የመዘገበው። ሄሚንግዌይ በ1926 ያሳተመውን ልብ ወለድ የጨረሰው ገጸ ባሕርያቱን እዚያ ምሳ አብልቶ ነው። ዝናው ምንድን ነው? በእንጨት እሳት ምድጃ የተጠበሰ የአሳማ ግልገል! ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ። ቢሆንም እዚያው ምድጃ የበግ ጠቦትም ይጠብሳሉ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ይወቅ።

ጾም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከማድሪድ ባሕር ሩቅ ነው፤ ሰዉ ግን በዓሣ አይታማም። ለሁዳዴያቸው ሽምብራ ከስፒናችና በጨው ከደረቀ ኮድ ዓሣ ጋር ይቀቅላሉ፤ አንዴ እንኳ አሳማውን ያርቁልኛል። ፑኤርታ ዴል ሶል አደባባይ አጠገብ ካሳ ላብራ የተባለ መሸታ ቤት አለ፤ በ1860 የተከፈተ። ኮድ ዓሣን በሊጥ ነክረው ይጠብሱና በወረቀት ይሰጣሉ። በ1879 የስፔን ሶሻሊስት ፓርቲ በምሥጢር የተመሠረተው እዚሁ ቤት ነው። እኛ ያየናቸው ሶሻሊስቶች እንዲህ ያለ ቦታ ተሰብስበው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ረጋ ይሉ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቻለሁ። እኔ ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁና እናንተን አያገባችሁም።

በጋ ከሆነ ጋስፓቾ አለ። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሆምጣጤና የወይራ ዘይት ተፈጭቶ በብርጭቆ ይቀርባል። ጾም ነው፤ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሾርባ በበረዶ! የታመመ ሰው ቢጠጣው ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ፤ የሚጠጣው ለጤናው ነው አሉኝ።

ከሁሉ ያስታረቀኝ ግን ቹሮ ነው። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ ዘይት፤ ሌላ ምንም የለበትም፤ ጥርት ያለ ጾም። ወፈር ያለው ፖራ የሚሉት ዓይነት ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ሰውየው ሊጡን ከመግፊያው እየለቀቀ በሰፊው የዘይት መጥበሻ ላይ እንደ ጥምጥም ያዞረዋል፤ በሁለት ረጃጅም ዘንጎች ገልብጦ ያወጣውና በመቀስ ይቆራርጠዋል። ሳን ሂኔስ የሚባለው ቸኮላት ቤት ከ1894 ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አለ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩልኝ። በአንድ በኩል ሲጨፍሩ ያደሩ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ በሌላ በኩል ቀኑን የሚጀምሩ እንደ እኔ ያሉ ሽማግሎች አሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሳህን ፊት ናቸው። አንዲት ልጅ የተቀባችው ኩል ጉንጯ ላይ ወርዶ «እንደምን አደሩ» ማለት በሚመስል ድምፅ ሰላም አለችኝ። እኔ ለኪዳን ተነስቼ፣ እሷ ገና ሳትተኛ። ቸኮላቱ ማንኪያ ያቆማል፤ ብዙ ጊዜ ወተት አለበትና በጾም ቀን ቹሮውን ብቻ።

ስለ ቡናው ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ግን ዝም አይባልም። ስፔኖች ቶሬፋክቶ የሚሉት አቆላል አላቸው። ቡናው ሊበስል ሲል ስኳር ይጨምሩበታል፤ ስኳሩ አርሮ ፍሬውን ይለብሰዋል፤ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ይሆናል። በተለይ ከእርስ በእርስ ጦርነታቸው በኋላ በነበረው የችግር ዘመን ተስፋፋ፤ ጥቂት ቡና ብዙ እንዲጠቁር። ችግሩ አለፈ፤ ልማዱ ቀረ። በየሰፈሩ ቡና ቤት የሚቀዳው ዛሬም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተደባለቀ ነው። መራራነቱ የቡና ሳይሆን የከሰል ነው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ከሲኒው ጎን ሌላ ስኳር በወረቀት ያቀርባሉ። ልጄ አዳዲሶቹ ወጣቶች የከፈቷቸው ቤቶች የይርጋ ጨፌ ቡና ሳያሳርሩ ይቆላሉ ብላ ወሰደችኝ። እውነት ነው፤ የሲኒውን ዋጋ ሳየው ግን የይርጋ ጨፌ ገበሬ ምነው አብሮኝ ባየው አልኩ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጣናን ዞሮ፣ በ1618 የዓባይን ምንጭ አየሁ ብሎ የጻፈው፣ አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረገው ፔድሮ ፓኤዝ የዚሁ የማድሪድ አካባቢ ሰው ነው፤ በ1564 ኦልሜዳ በምትባል መንደር ተወለደ። ወደ እኛ ሊመጣ ሲል የመን ውስጥ ለዓመታት ታስሮ ሳለ ቡና ከቀመሱት የመጀመሪያዎቹ አውሮጳውያን አንዱ ሆነ ይባላል። እንግዲህ ይህ ሰው ሃይማኖታችንን ሊያስተካክል ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ ሲያቋርጥ፣ ለአገሩ ሰዎች «ቡና ላይ ስኳር አታሳርሩ» ብሎ አንድ መስመር ደብዳቤ ቢጽፍ ምን ነበረበት?

መጠጡ ላይ ብዙም አላጉረመርምም። ቢራቸው በትንሽ ብርጭቆ፣ ሳይሞቅ ያልቅ ዘንድ ይቀዳል። ከብርጭቆው ጋር ሳትጠይቅ የምትቀመስ ነገር በነፃ ይሰጡሃል። ለእኔ የሚደርሰኝ ሁልጊዜ ያው ሃሞን ሆነና ወደ ልጅ ልጄ አሳልፋለሁ። ልጁ በእኔ ቢራ ወፍሯል፤ እናቱ ምክንያቱ አልገባትም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ የቬርሙት ሰዓት ነው። አሪቲና ሌላ ቅጠላ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ወይን ጠጅ ነው፤ ከበርሜል በቧንቧ ይቀዳል፣ ብርቱካንና የወይራ ፍሬ ይጣልበታል። ይህ ለሽማግሌ የተሠራ መጠጥ ነው፤ ምሬቱ ለሆድ፣ ጣፋጩ ለጨዋታ። ማላሳኛ ሰፈር ውስጥ አንድ ዕድሜ ጠገብ መጠጥ ቤት አለ፤ ከኋላ ባለችው ክፍል ወንበር አለ ተባልኩ። ወንበሩ ጋ የሚደረሰው በባንኮኒው ሥር አጎንብሶ በማለፍ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከታቦት በቀር ለምንም ሰግጄ የማላውቅ ሰው ለወንበር ስል ሰገድኩ።

ታዲያ በልተህ የጠገብክበት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ፕላዛ ማዮር ሲጋፋ እናንተ ኤምባሃዶሬስ የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ቁልቁል ውረዱ። ያ አካባቢ ድሮ የቄራና የቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ነበር። ባለጸጋው ብልቱን ሲወስድ ድሃው አንጀቱን ተካፈለ፤ በዚያው ሙያ አወጣበት። የጠቦት አንጀት በደንብ ታጥቦ፣ ተጎንጉኖ፣ በራሱ ስብ ድምፅ እስኪያወጣ ይጠበሳል። ጋዪኔሃስ ይሉታል። ሞራውም ለብቻው ተጠብሶ ይቀርባል፤ እኛ ዘንድ ሞራ ያነብቡታል፣ እነሱ አንብበው ሳይጨርሱ ይበሉታል። በሜይ 15 የከተማዋ ጠባቂ የሳን ኢሲድሮ በዓል ሲሆን ሜዳ ላይ ድንኳን ጥለው ይኼንኑ ይጠብሳሉ። ወጣቶቹ እየተጸየፉት ነው አሉ፤ የሚሸጡት ቤቶችም ከድሮው አንሰዋል። አንዱ ቤት ገባሁ። ባንኮኒው አልሙኒየም፣ ግድግዳው ነጭ ሸክላ፣ ደንበኞቹ የእኔ እኩዮች። ወንበር አለ። ሃሞን የለም። ባለቤቱ ሳህኔን አስቀምጦ ስበላ ሲያየኝ ቆየና ሁለተኛ አመጣልኝ።

ቱሪስት ሁሉ የሚበላውን ጨጓራ ግን እንዳትሞክሩት። ዱለት ለለመደ ሰው ያጓጓል፤ ቀዩን መረቅ ግን ያቀላው ቾሪሶ ነው።

እንግዲህ ማድሪድ ልጅ ያለው፣ ወይም ልጁ የምትጠራው ሽማግሌ ሁሉ ይስማኝ። ረቡዕና ዓርብ በቹሮ ያሳልፍ፤ በሌላው ቀን ወደ ኤምባሃዶሬስ ይውረድ። ሳያዝዝ በፊት ምን እንደገባበት ይጠይቅ፤ ከነገሩትም በኋላ በሹካ ገልጦ ይይ። ሚጥሚጣ ደግሞ ከቤቱ በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ ያቃጥላል ተብሎ የሚሸጠው ድንች እንኳ አያቃጥልም።